ታውን ክለርክ ማን ነበር? የሌስተሩ ሳሙኤል ስቶን ሥራና ዘመን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ስለ 19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አንድ መጽሐፍ እየተረጎምኩ ነው። ሳሙኤል ስቶን የሚባል የሌስተር ታውን ክለርክ ገጠመኝ። ‹የከተማ ጸሐፊ› ብዬ ጻፍኩት። አርታኢዬ ግን ‹ጸሐፊ ሆኖ እንዴት ለዳኞች የሕግ መጽሐፍ ይጽፋል? እንዴትስ 36 ዓመት አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል?› ብሎ መለሰልኝ። ሰውየው ምን ዓይነት ሹም ነበር? ማን ይሾመዋል፣ ማንስ ያባርረዋል? ዛሬስ አለ?»

እህቴ፣ አርታኢሽ በደንብ ነው ያነበበው። አንቺም ቃሉን አልሳትሽውም፤ ክለርክ ሲፈታ ጸሐፊ ነው። ችግሩ በአማርኛ እንዲሁ ጸሐፊ ሲባል ቶሎ የምናስበው ከኃላፊው በር ላይ ተቀምጦ ደብዳቤ የሚጽፍና ስልክ የሚያነሳ ሰው መሆኑ ነው። ግን እኛው ራሳችን «የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ» ስንል ማንም ደብዳቤ የሚመታ ሰው አይታየውም። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ስንልም የምናስታውሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ነው። ታውን ክለርክም ከነዚህ ጸሐፊዎች ወገን ነው፤ ብዕሩ የሹመቱ ምልክት ነው እንጂ ሥራው በሙሉ መጻፍ አልነበረም።

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በእንግሊዝ የአካባቢ አስተዳደር ሕግና መዛግብት ላይ ነው። ስቶን ደግሞ በጣም የምወደው ሰው ነው። ስለዚህ ረዘም ብል ታገሺኝ። ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስቶንን ለመረዳት ከሱ በፊት ከነበረው ሰው መጀመር ይሻላል። ሌስተር በእንግሊዝ መሃል አገር ያለች፣ በካልሲና በሹራብ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። እስከ 1835 ድረስ ከተማዋን ያስተዳድር የነበረው ማኅበር ማንም የማይመርጠው ነበር። አንዱ አባል ሲሞት የቀሩት የሚፈልጉትን ሰው ይተካሉ፣ በቃ። አባላቱ ወግ አጥባቂው የቶሪ ፓርቲና የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ። ከተማዋን በንግድ ያቆሟት ብዙዎቹ ግን ከዚያች ቤተ ክርስቲያን የወጡ የሌላ እምነት ተከታዮች ናቸው። በዚህ ማኅበር ውስጥ ታውን ክለርኩ ቶማስ በርቢጅ የሚባል ጠበቃ ነበር። በ1826 የፓርላማ ምርጫ ማኅበሩ የራሱን ወገን ለማስመረጥ 10,000 ፓውንድ ገደማ አወጣ። ገንዘቡ የተገኘው የከተማዋን ንብረት አስይዞ በመበደር ነው። የሕዝብ መሬት ለአንድ ፓርቲ ምርጫ ተያዘ ማለት ነው። ያን ያህል የመሬት ውል ያለ ክለርኩ እጅ አይከናወንም፤ ውል የሚያዘጋጀውም የሚያስቀምጠውም እሱ ነውና።

በ1833 መንግሥት የየከተሞቹን አስተዳደር የሚመረምሩ ኮሚሽነሮች ላከ። ሌስተር ደግሞ አልታዘዝም ካሉት አንዷ ነበረች። ከምርመራው በኋላ የ1835 የማዘጋጃ ቤቶች ሕግ ወጣ። ሕጉ በ178 ከተሞች አሮጌዎቹን ማኅበራት አፍርሶ ግብር ከፋዮች የሚመርጡት ምክር ቤት አቋቋመ። በሌስተር በታኅሣሥ 1835 መጨረሻ ምርጫ ተደርጎ ተሐድሶ ፈላጊዎቹ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። አዲሱ ምክር ቤት ሥራ እንደጀመረ የአሮጌውን ማኅበር የብር ዕቃ፣ ከከንቲባው ፊት የሚሄደውን ትልቁን በትረ ሥልጣን ጭምር፣ በጨረታ ሸጠው። በርቢጅንም አሰናበቱት። በቦታው ሳሙኤል ስቶንን ሾሙ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠነክረው። በርቢጅ ወረቀቶቹን አላስረክብም አለ። ለተነጠቀው ሹመትም ካሣ ጠየቀ። ሕጉ ለተሰናበቱ ሹሞች ካሣ ይፈቅድ ስለነበር ክርክሩ ለዓመታት ተጎተተ። ወረቀት ማለት እዚህ ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቢው። አንድ ከተማ የትኛው መሬት የሱ እንደሆነ፣ ማን በስንት ተከራይቶት እንደሚኖር፣ የትኛው ቤት ለዕዳ እንደተያዘ፣ ከንጉሥ የተሰጠው መብት ምን እንደሚል የሚያውቀው በሰነድ ነው። ሰነዱ ያለው ደግሞ በአንድ ሰው ቁልፍ ሥር ነው። አዲሶቹ ተመራጮች ሥልጣኑን በድምፅ አገኙት፣ የከተማዋን ማስረጃ ግን የተባረረው ሰው ይዞታል። ሰው «ክለርክ ምን ሥልጣን አለው?» ሲለኝ ሁልጊዜ የማነሳው ይህን የ1836 ሌስተር ነው።

የ1835ቱ ሕግም ይህን አውቆ ነው የተጻፈው። ምክር ቤቱ ታውን ክለርክ መሾም አለበት ይላል። የሚሾመው ሰው የምክር ቤት አባል መሆን አይችልም። የከተማው ቻርተር (ከንጉሥ የተሰጠው የመብት ሰነድ)፣ ውሎችና መዛግብት በሱ ጥበቃ ሥር ይሆናሉ። ሥልጣን ላይ የሚቆየው ግን ምክር ቤቱ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ለጥያቄሽ ቀጥተኛ መልስ ናት፦ የሚሾመው ምክር ቤቱ ነው፣ የሚያባርረውም ራሱ ምክር ቤቱ፣ ከፈለገ በማግሥቱ። ዕድሜ ልክ የሚል ዋስትና የለውም። ገንዘብ ያዡም ሌላ ሰው እንዲሆን ሕጉ አዝዟል፤ ሰነዱና ካዝናው አንድ እጅ እንዳይገቡ። እኔ ይህን አደረጃጀት በጣም ብልህ ነው እላለሁ።

እንግዲህ በማንኛውም ቀን ሊባረር የሚችል ሰው እንዴት 36 ዓመት ቆየ? ስቶን ከ1836 እስከ 1872 ነው ያገለገለው። መልሱ ያለው በዓመቱ ሥራ ውስጥ ነው።

ዓመቱ የሚጀምረው በመስከረም ነው በይው። የየሰበካው ሹማምንት የግብር ከፋዮችን ዝርዝር አዘጋጅተው እስከ መስከረም 5 ለታውን ክለርኩ ያስረክባሉ። እሱ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ያስለጥፈዋል። ስሜ ተዘሏል የሚል፣ እገሌ አይገባውም የሚል ሰው እስከ መስከረም 15 በጽሑፍ ያመለክታል። በጥቅምት ከንቲባው ሰብስቦ ያጣራል፣ ክለርኩ አጠገቡ ተቀምጦ። ኅዳር 1 ምርጫ ይደረጋል። ኅዳር 9 አዲሱ ምክር ቤት ተሰብስቦ ከንቲባ ይመርጣል። ያ ከንቲባ የሚቆየው አንድ ዓመት ነው። የካልሲ ነጋዴ ወይም የባንክ ባለቤት ሊሆን ይችላል፤ የማዘጋጃ ቤት ሕግ ሲያነብ ያደገ ሰው አይደለም። ሥራውን ለመልመድ ስድስት ወር ይፈጅበታል፣ ሌላ ስድስት ወር ሳይሞላ ወንበሩን ያስረክባል። ክለርኩ ግን እዚያው ነው። ባለፈው ዓመት ምን እንደተወሰነ፣ ከአምስት ዓመት በፊት ያ ጉዳይ ለምን እንደተጣለ፣ ከዚያ ባለርስት ጋር የተደረገው ውል ምን እንደሚል የሚያውቀው እሱ ነው። ሌስተር በየዓመቱ ከንቲባ ስትመርጥ ስቶን ብቻ አልተነሳም። የሥልጣኑ ምንጭ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የከተማዋ ትዝታ እሱ ጋ ነበር።

ስለ ምርጫው አንድ ነገር ልጨምር፣ ለትርጉምሽ ይጠቅምሻል። በዚያ ዘመን በማዘጋጃ ቤት ምርጫ ድምፅ ምስጢር አልነበረም። መራጩ የሚመርጣቸውን ሰዎች ስም በወረቀት ይጽፋል፣ የራሱን ስም ይፈርምበታል፣ ወረቀቱን ያስረክባል። አሠሪው፣ አከራዩ፣ የሚገዛበት ሱቅ ባለቤት ማንን እንደመረጠ ሊያውቁ ይችላሉ። ይህ የተለወጠው በ1872 በወጣው የምስጢር ድምፅ ሕግ ነው፣ ልክ ስቶን ሥራውን ባበቃበት ዓመት። ሌላው፣ ከ1869 ጀምሮ ግብር የሚከፍሉ ሴቶች በማዘጋጃ ቤት ምርጫ እንዲመርጡ ተፈቀደ። ስለዚህ 33 ዓመት ሙሉ የወንድ ስም ብቻ ይይዝ የነበረው መዝገብ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሴት ስም ገባበት። ሴቶች የፓርላማ ምርጫ መብት ለማግኘት ከዚያ በኋላ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ነው የጠበቁት። መዝገብ ቤት ውስጥ ስሠራ ልቤን የሚነካው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ለውጡ አዋጅ ሆኖ ለንደን ይወጣል፣ ግን የሚታየው አንድ የወረዳ ከተማ ዝርዝር ላይ፣ የአንዲት ባልቴት ስም ከጎረቤቷ ስም ሥር ሲጻፍ ነው።

ስብሰባውን ደግሞ እንይ። ሌስተር ምክር ቤቷን እስከ 1876 ትሰበስብ የነበረው ጊልድሆል በሚባል በመካከለኛው ዘመን በተሠራ የእንጨት አዳራሽ ውስጥ ነው። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፣ ሌስተር ከሄድሽ ካቴድራሉ አጠገብ ታገኚዋለሽ። ጣሪያውን የተሸከሙት ወፋፍራም ጠማማ ግንዶች ከዕድሜ ብዛት ጠቁረዋል። ከአዳራሹ ቀጥሎ ያለው የከንቲባው ክፍል በ1637 የተቀረጸ የምድጃ ፊት አለው። እዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ አዲሱ ፖሊስ እስረኛ ያስገባባቸው የነበሩ ጠባብ ክፍሎች አሉ። ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ጣቢያ አንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። በዚህ ቤት ስብሰባ ሲጠራ ክለርኩ ማስታወቂያውን ሦስት ሙሉ ቀን ቀድሞ መለጠፍ አለበት። ሙሉ ቀን የሚባለው የተለጠፈበትና ስብሰባ የሚደረግበት ቀን ሳይቆጠር ነው። ለዓርብ ስብሰባ ሰኞ መውጣት አለበት፤ ማክሰኞ ከወጣ ጉድለት ነው። አስቸኳይ ስብሰባ ከሆነም ለእያንዳንዱ አባል ቤቱ ድረስ መጥሪያ ይላካል፣ የሚነሳው ጉዳይ ተጽፎበት። በማክሰኞና በሰኞ ልዩነት ብቻ የምክር ቤት ውሳኔ ፍርድ ቤት ሄዶ ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር በየወሩ፣ ለ36 ዓመት፣ ሳይሳሳቱ መሥራት ቀላል ይመስላል፤ አይደለም።

ከዚያ በላይ ትልቁ ሥራ ምክር ነበር። የእንግሊዝ ማዘጋጃ ቤት ሕግ የፈቀደለትን ብቻ ነው ማድረግ የሚችለው፤ ጥሩ ሐሳብ መሆኑ አይበቃም። ምክር ቤቱ ፍሳሽ ልዘርጋ፣ ገበያ ላስፋፋ፣ ቦታ ልግዛ ሲል «ይህን እንድናደርግ የሚፈቅደው የትኛው አንቀጽ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ክለርኩ ነው። አንቀጽ ከሌለ ከፓርላማ ልዩ ሕግ ማምጣት ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ራሱን የቻለ ጦርነት ነው። ግንባታ ያለበት ጉዳይ ከሆነ ካርታና ዕቅድ እስከ ኅዳር 30 መግባት አለበት። ለሚነኩት ባለመሬቶች ሁሉ ማስታወቂያ ይደርሳቸዋል። ከዚያ ለንደን ሄዶ በኮሚቴ ፊት ምስክር ማቅረብ፣ ተቃዋሚ ጠበቆችን መመለስ አለ። ቀነ ገደቡ ካለፈ አንድ ዓመት ሙሉ ጠፋ።

ስቶን በቆየባቸው ዓመታት ሌስተር ሌላ ከተማ ሆነች። በ1841 50 ሺህ ገደማ የነበረው ሕዝብ በ1871 95 ሺህ ገደማ ደረሰ። በ1836 ሃምሳ ሰው ያለው ፖሊስ ተቋቋመ፣ አዛዡ ከለንደን ፖሊስ የመጣ ሰው ነበር። ከ1848 የሕዝብ ጤና ሕግ በኋላ ምክር ቤቱ የጤና ቦርድም ሆነ፤ ፍሳሽ፣ ቆሻሻ፣ የመንገድ ንጽሕና በሱ ሥር ገቡ። በ1849 የዌልፎርድ ሮድ መቃብር ተከፈተ። በ1850ዎቹ ከቶርንተን ማጠራቀሚያ ንጹሕ ውኃ መጣ። ከነዚህ ውስጥ እኔ መቃብሩ ላይ ትንሽ እቆማለሁ። ቀብር በእንግሊዝ የሃይማኖት ጠብ ነበር፤ የሰበካው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሞልቷል፣ የሌላ እምነት ሰዎች ደግሞ በራሳቸው ሥርዓት መቀበር ይፈልጋሉ። ከተማዋ ግማሹ የተባረከ፣ ግማሹ ያልተባረከ መሬት ያለው አንድ መቃብር አዘጋጀች። ያንን መስመር የሚያሰምረው ካህን ይመስላል፣ ግን ውሉን፣ ደንቡን፣ ክፍያውን ጽፎ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ወረቀት ላይ የሚያስማማው የከተማው የሕግ ሰው ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ። አርታኢሽን ያስገረመው እሱ ነውና።

በእንግሊዝ ትንንሽ የወንጀል ጉዳዮችን የሚያዩት የሰላም ዳኞች የሚባሉ ደመወዝ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ሕግ የተማሩ አይደሉም። የመሬት ባለቤት፣ ቄስ፣ ነጋዴ ሊሆኑ ይችላሉ። ጠዋት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ፊታቸው አንድ ሰው ይቀርባል፤ ጥንቸል ሰርቆ አድኗል፣ ሰክሮ ተሳድቧል፣ በሐሰተኛ ሚዛን ሸጧል። ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለን? አንድ ዳኛ ይበቃል ወይስ ሁለት? ቅጣቱ እስከ ስንት ነው? ክሱ በስንት ጊዜ ውስጥ መቅረብ ነበረበት? መልሱ በመቶዎች በሚቆጠሩ አዋጆች ውስጥ ተበትኗል። በ1842 ስቶን እነዚህን መልሶች በቀላሉ እንዲገኙ አድርጎ በኪስ በሚያዝ መመሪያ አሰባሰባቸው። የሰላም ዳኛው ገጹን ገልጦ ያነባል፣ ይወስናል። ይህን መጽሐፍ ሊጽፍ የሚችለው የዩኒቨርሲቲ ሊቅ አልነበረም። ጭንቅላቱ ውስጥ አንቀጽ ያለው፣ ዓይኑ ፊት ደግሞ ግራ የተጋባ ነጋዴ ዳኛ ያየ ሰው ነው የጻፈው። መጽሐፉ በየጊዜው እየታደሰ ቀጠለ። ስቶን ካረፈ በኋላ ሌሎች ያዙት። «የስቶን መመሪያ» ተብሎ ዛሬም ይታተማል፣ አሁን ግን ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ወፋፍራም ጥራዞች ሆኗል። የእንግሊዝ የሰላም ዳኞች ፍርድ ቤት ውስጥ ስሙ በየቀኑ ይጠራል፣ ስሙ ግን የአንድ የሌስተር ክለርክ ስም መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ይህ ያንገበግበኛል፣ ስለዚህ መጽሐፍሽ ውስጥ በትክክል ብታስገቢው ደስ ይለኛል።

እንዴት ነው ሰው ታውን ክለርክ የሚሆነው? ትምህርት ቤት አልነበረውም። ልጁ ለአንድ ጠበቃ በውል ይሰጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአምስት ዓመት፣ ቤተሰቡ ገንዘብ ከፍሎ። ሰነድ ይገለብጣል፣ ውል ማርቀቅ ይለምዳል፣ ፍርድ ቤት ይላላካል። ከዚያ ጠበቃ ይሆናል። በትንንሽ ከተሞች ክለርኩ የራሱን ቢሮ ከፍቶ የሚሠራ ጠበቃ ነበር፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ከሳምንቱ ጥቂት ሰዓት ነው፣ ሰነዶቹም እዚያው የግል ቢሮው ውስጥ ይቀመጣሉ። የበርቢጅ ዓይነት ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን ግን የሙሉ ጊዜ ሙያ ሆነ። ወጣቱ በአንድ ማዘጋጃ ቤት ረዳት የሕግ ባለሙያ ሆኖ ይጀምራል፣ ሌላ ከተማ ምክትል ክለርክ ይሆናል፣ ከዚያ ትንሽ ከተማ ዋና ይሆናል፣ ቀጥሎ ትልቅ። ቤተሰቡን ይዞ ከከተማ ከተማ ይዞራል።

የትልቅ ከተማ ምሳሌ ካስፈለገሽ የማንቸስተሩን ጆሴፍ ሄሮንን ተመልከቺ። ማንቸስተር በ1838 ምክር ቤት ስታገኝ የመጀመሪያው ታውን ክለርክ እሱ ነበር። እስኪሞት እስከ 1889 ሹመቱን ያዘ፣ 51 ዓመት። አሮጌዎቹ ሹማምንት የከተማዋ ቻርተር አይጸናም ብለው ሲከራከሩ፣ በ1842 ፓርላማ እስኪያጸናው ድረስ በሕጉ በኩል የተሟገተው እሱ ነው። በ1846 ምክር ቤቱ የባላባቱን የገበያና የርስት መብት በ200,000 ፓውንድ ሲገዛም እሱ በቦታው ነበር። በ1869 ሰር ተባለ። አርታኢሽ አሁንም ከተጠራጠረ ይህን ንገሪው፤ ደብዳቤ በመገልበጥ ማንም ሰር አልተባለም።

ዛሬ አለ ወይ ላልሽው፣ በትልልቆቹ ከተሞች የለም። የ1972 የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ከሚያዝያ 1 ቀን 1974 ጀምሮ አሮጌዎቹን ማዘጋጃ ቤቶች አፍርሶ እንደገና ሲያደራጅ፣ ሹመቱ በአብዛኛው «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» በሚባል ተተካ። ሕግ አዋቂ መሆንም ግዴታ መሆኑ ቀረ፤ ከመሐንዲሱም ከሒሳብ ሰውም ሊመጣ ይችላል። ለእኔ በዚያ አንድ ነገር ጎድሏል፤ ሥራ አስፈጻሚው ሥራ እንዲሄድ ይፈልጋል፣ ክለርኩ ግን መጀመሪያ «ይፈቀዳል ወይ?» ይል ነበር። ስሙ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የለንደን ሲቲ (በመሃል ለንደን ያለው አሮጌው የንግድ ክፍል) አስተዳደር አሁንም ታውን ክለርክ አለው። በትንንሽ ከተሞችና በሰበካ ምክር ቤቶችም (የመንደር አስተዳደር ናቸው እንጂ የቤተ ክርስቲያን አይደሉም) ክለርክ አለ፤ አንዳንዴ ብቸኛው ተከፋይ ሠራተኛ እሱ ነው።

አንድ መሳከር እንዳይመጣብሽ፦ አሜሪካ፣ በተለይ ቦስተን አካባቢ ያሉ አንባቢዎችሽ ታውን ክለርክ ሲባል የልደትና የጋብቻ ወረቀት የሚያወጡበትን ቢሮ ነው የሚያስቡት። እዚያ ብዙ ቦታ ሕዝብ የሚመርጠው ሹም ነው። ስሙ አንድ ነው፣ ከእንግሊዝ ነው የሄደው፣ ሥራው ግን ሌላ መንገድ ይዟል። ስለዚህ ቃሉን እንዲሁ በድምፁ ብቻ አትተዪው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ በሚመጣበት ቦታ እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «የሌስተር ከተማ ምክር ቤት ዋና ጸሐፊና የሕግ አማካሪ የነበረው ሳሙኤል ስቶን»። ከዚያ በኋላ «ዋና ጸሐፊው» ብለሽ መቀጠል ትችያለሽ። በርቢጅን ግን በ1826ቱ ምርጫ ታሪክ ውስጥ ስትጠቅሺው «የምክር ቤት» አትበዪ። ያኔ የተመረጠ ምክር ቤት አልነበረም፤ «የከተማው ማኅበር ጸሐፊ» ብትዪው ልዩነቱ ይታያል።